ሁለት ውሻ ይዞ እንጦጦ መውጣት፦ ከግቢ በር እስከ ተራራው

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት ቻልካቸው? እኔ አንዱም አቅቶኛል።» ጎረቤት ይጠይቀኛል። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼም ይጠይቁኛል። በየመንገዱ ቆሜ ግማሽ ግማሹን ከምመልስ ሙሉውን እዚህ ጽፌዋለሁ።

ውሾቼ ቡቺ እና ሎሚ ይባላሉ። ቡቺ ወንድ ነው፤ 24 ኪሎ ይመዝናል። ሎሚ ሴት ናት፤ 17 ኪሎ። ሁለቱም የሰፈር ውሾች ናቸው። ቡቺ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከግቢ በር ወጥቶ አያውቅም ነበር። የእናንተም ውሻ ቀን ታስሮ ሌሊት እየተፈታ ያደገ ከሆነ መመሪያው በትክክል ለእናንተ ነው።

ከሁሉም በፊት ይህን ያዙልኝ። ለብቻው መሄድ ያልለመደ ውሻ ከጓደኛው ጋር ሆኖ አይለምድም። አንዱ ሲጮህ ሌላው ይጮሃል። አንዱ ሲሮጥ ሌላው ለምን እንደሚሮጥ ሳያውቅ ይከተለዋል። የደረጃዎቹን ቅደም ተከተል እንዲህ ያደረግሁት ለዚህ ነው። ከምንም ከጀመራችሁ ተራራው ላይ እስክትደርሱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ስጡት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሁለት የደረት ማሰሪያ። ደረትና ትከሻን የሚይዝ ይሁን። ዳገት ላይ ውሻ መጎተቱ አይቀርም፤ አንገቱ ላይ ብቻ ከታሰረ ጉሮሮው ይታነቃል። ልኩን ገበያ ላይ ካጣችሁ ሰፊ የቦርሳ ማንገቻ ገዝታችሁ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሂዱ። ውሻውንም ይዛችሁት ሂዱ፤ ለክቶ ይሰፋላችኋል። የኔዎቹ ሁለቱም እንዲህ ነው የተሠሩት።
- ሁለት ጠፍጣፋ ገመድ፣ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር የሚረዝም። ቀለማቸው ይለያይ። ሲጠላለፉ የቱ የማን እንደሆነ በአንድ እይታ ታውቃላችሁ። ሰንሰለት አልመክርም፤ እጅ ይልጣል።
- ስልክ ቁጥራችሁ የተጻፈበት የአንገት ቀበቶ፣ ለየራሳቸው።
- ለልምምድ የሚሆን 10 ሜትር ገመድ።
- ለሁለቱ 3 ሊትር ውሃ። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ቤቱ ተኝቶ ውሎ እንኳ በቀን 1 ሊትር ገደማ ይጠጣል። የእናንተን ውሃ ለብቻ ያዙ።
- ሁለት የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን። በአንድ ሳህን ማጠጣት ጠብ ያመጣል።
- ባቄላ በሚያክል መጠን የተቆረጠ የተቀቀለ ጉበት። ጨውም ሽንኩርትም የሌለበት።
- አሮጌ ፌስታል ወይም ጋዜጣ፣ ለዓይነ ምድራቸው።
- ፋሻ፣ ጎዝ፣ ሳሙና፣ ወረንጦ እና አሮጌ ፎጣ።
- የክትባት ካርዳቸው ፎቶ፣ ስልካችሁ ላይ።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ እንስሳት ሐኪም ዘንድ

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሌለው ውሻ ከግቢ አይውጣ። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያ ዓመት ሲሞላ ይደገማል። እኔ በየዓመቱ አስከትባለሁ። መንገድ ላይ ባለቤት የሌላቸው ብዙ ውሾች አሉ። ውሻችሁን አንዱ ቢነክሰው፣ ወይም እሱ ሰው ቢነክስ፣ መጀመሪያ የምትጠየቁት ያንን ካርድ ነው።

በዚያው ቀን የሆድ ትላትል መድኃኒትና የመዥገር መከላከያ ጠይቁ። በተለይ በበዓል ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ የምትሰጡ ከሆነ ይህ ግድ ነው። የበጉ ወይም የበሬው ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እጢ ካለ ውሻው ትሉን ከዚያ ይወስዳል። እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣና ወደ ሰው ይተላለፋል። ሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ሲደርስ እስከ ቀዶ ሕክምና ያደርሳል። ስለዚህ የሆድ ዕቃ ሁልጊዜ በደንብ ቀቅላችሁ ስጡ።

ሴቷ ወንድ በምትፈልግበት ሰሞን ተራራውን እርሱት። የሰፈሩ ወንድ ውሻ በሙሉ ይከተላችኋል፤ የራሳችሁ ወንድ ውሻም አይሰማችሁም። ሦስት ሳምንት ያህል መጠበቅ ነው።

ደረጃ 2፦ አንድ በአንድ፣ ግቢ ውስጥ

ማሰሪያውን አልብሱትና ዝም ብላችሁ ተዉት። ምግቡን ለብሶ ይብላ። ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ካለፈ በኋላ ገመዱን ጨምሩ።

አሁን ግቢውን ዞሩ። ሲጎትት ቁሙ። አትጎትቱት፣ አትቆጡት፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። ዞር ብሎ ሲያያችሁ ገመዱ ይላላል። በዚያች ቅጽበት አንድ ቁራጭ ጉበት ስጡትና ቀጥሉ። ውሻ የሚጎትተው መጎተት ወደሚፈልገው ቦታ ስላደረሰው ነው። መጎተት ካላደረሰው ይተወዋል። ቡቺ የመጀመሪያ ቀን ከበሩ እስከ ውሃ ቧንቧው ለመድረስ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ርቀቱ ሃያ እርምጃ አይሞላም። በአምስተኛው ቀን ሳልቆም ደረስን።

በቀን ሁለት ጊዜ 10 ደቂቃ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ይሰለቻል፤ የሰለቸ ውሻ ደግሞ ገመዱን መንከስ ይጀምራል። አንዱ ሲለማመድ ሌላው አይይ። ቤት ውስጥ ወይም ከግቢው ጀርባ ይቆይ።

ደረጃ 3፦ ስምና ትእዛዝ መለየት

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ሁለት ውሻን የሚያስችለው ግን በዋናነት ይህ ነው።

ስማቸው አይመሳሰል። ሎሚ መጀመሪያ የመጣች ጊዜ ቡኒ ነበር ያልናት፤ ቀለሟ ቡናማ ስለሆነ። «ቡቺ!» ስል ሁለቱ ይመጣሉ፤ «ቡኒ!» ስልም ሁለቱ ይመጣሉ። አንዷን ስቆጣ ሌላው ጅራቱን በእግሮቹ መሃል ይሸጉጣል። በሳምንቱ ስሟን ቀየርነው፤ ግራ መጋባቱ ወዲያው ቆመ። የመጀመሪያው ድምፅ የተለያየ ስም ምረጡ።

አማርኛችን እዚህ ላይ ትልቅ ውለታ ይውልልናል። ወንድና ሴት ካሏችሁ «ና» የወንዱ፣ «ነይ» የሴቷ ይሁን። «ቡቺ፣ ና!» «ሎሚ፣ ነይ!» ስሙን በነፋስ ምክንያት ባይሰሙ እንኳ ትእዛዙ ራሱ ማንን እንደጠራችሁ ይነግራቸዋል። ሁለቱንም ስጠራ «ኑ» እላለሁ። «ና» እና «ኑ» ከሩቅ ስለሚቀራረቡ ግን መጀመሪያ አፏጫለሁ። ፉጨት ሲሰሙ ጥሪው የሁለቱ መሆኑን ያውቃሉ።

ለማስቀመጥና ለማስቆም ግን ለሁለቱም አንድ ቃል ያዙ፦ «ቁጭ» እና «ቆይ»። መኪና ሲመጣ «ቁጭ በል»፣ «ቁጭ በይ» እያሉ መለየት ጊዜ ያጠፋል። ከመሬት ያነሱትን ለማስጣል እኔ «ተው» እላለሁ፤ ለሎሚም ያው «ተው» ነው።

ቤት ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ቃል ይስማማ። እናቴ «ቁጭ በል» ስትል ወንድሜ «ተቀመጥ» ይል ነበር። ቡቺ ሁለቱንም አይቶ ዝም። ቃሎቹን ወረቀት ላይ ጽፌ የወጥ ቤት በር ላይ ለጠፍኩት።

ጥሪውን በ10 ሜትሩ ገመድ ተለማመዱ። ሲመጣ ሁልጊዜ ሽልማት ይኑር። ከመጣ በኋላ በፍጹም አትቆጡት፤ የቀደመ ጥፋቱን እሱ አያስታውሰውም። የሚገባው «መምጣት ያስቆጣል» ብቻ ነው። በሚቀጥለው ጥሪ አይመጣም።

ደረጃ 4፦ ሁለቱን አንድ ላይ፣ ሰፈር ውስጥ

እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አስፋልት ዳር 20 ደቂቃ ሳይጎትቱ መሄድ ሲችሉ አገናኟቸው። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ሌላ ሰው አብሯችሁ ይሁን፤ አንዱን እሱ ይያዝ፣ ጎን ለጎን ሂዱ። ከዚያ ሁለቱንም ውሰዱ።

ቦታ ስጧቸው። ቡቺ ሁልጊዜ በግራ፣ ሎሚ ሁልጊዜ በቀኝ። ቦታቸው የታወቀ ከሆነ ገመዱ አይጠላለፍም። ጉልበተኛውን በጠንካራ እጃችሁ በኩል አድርጉ፤ እኔ ግራኝ ነኝ።

የገመዱን ቀለበት አንጓችሁ ላይ አትጠምጥሙ። አውራ ጣታችሁን አስገቡና መዳፋችሁን ጨብጡ። አንድ ጊዜ ጠምጥሜ ይዤ ሳለ ድመት መንገድ አቋረጠች። ቡቺ ዘለለ። አንጓዬ ለአንድ ሳምንት አብጦ ብዕር መያዝ አቃተኝ። በአውራ ጣት ብይዘው ኖሮ መልቀቅ እችል ነበር።

ደረጃ 5፦ የመውጫው ዋዜማና ጠዋት

ምግብ ከመውጣታችሁ 3 ሰዓት በፊት ይብቃ፤ ካልተመቸ ስትመለሱ ይብሉ። ጥጋብ ላይ የሮጠ ውሻ ሆዱ ተነፍቶ ሊጠማዘዝ ይችላል፤ ይህ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት በኋላ ውጡ፤ ከ4 ሰዓት በፊት ተመለሱ። ከ1 ሰዓት ቀድማችሁ ጫካ አትግቡ። ጅቦች ገና ወደ ዋሻቸው አልተመለሱም። ከ4 ሰዓት ስትዘገዩ ደግሞ ፀሐዩ ይከራል። የእንጦጦ አናት ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ትንፋሽም ያጥራል። ይህ ለናንተም ለነሱም ነው። የመጀመሪያው ጉዞ ከአንድ ሰዓት አይለፍ።

በመኪና ከሄዳችሁ ከኋላ ወንበር ላይ ፎጣ አንጥፉ፤ መስኮቱን አፍንጫቸው ብቻ እስኪወጣ ክፈቱ። በታክሲ ከሆነ ስትደውሉ ለሹፌሩ ሁለት ውሻ እንዳለ አስቀድማችሁ ንገሩት። መጥቶ ካየ በኋላ መከራከር ለሁሉም ድካም ነው። መኪና ውስጥ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን ቆልፋችሁባቸው አትሂዱ።

ደረጃ 6፦ መንገዱ ላይ

እንጦጦ የእናንተ ብቻ መንገድ አይደለም። የሚወርደውንም የሚወጣውንም ሰው ማወቅ አለባችሁ።

ጀርባቸው ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ታገኛላችሁ። ጎንበስ ብለው ነው የሚራመዱት። የሚታያቸው እግራቸው ሥር ያለው መሬት ብቻ ነው። ውሻ ድንገት ፊታቸው ቢደርስ ደንግጠው ይወድቃሉ፤ ሸክሙ ደግሞ አያስነሳም። ጥድፍ ጥድፍ የሚል እርምጃ ስሰማ እኔ ከመንገዱ ሦስት እርምጃ እወጣለሁ። ሁለቱን «ቁጭ» እላለሁ። «እናቴ፣ ይዣቸዋለሁ፣ አይዞሽ» እላለሁ፤ ድምፄን ሲሰሙ ይረጋጋሉ። አልፈው እስኪርቁ አልንቀሳቀስም።

ሯጮች ሌላው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ልምምድ የሚሠሩ አትሌቶች ከኋላ በፀጥታ ይደርሳሉ። ሮጦ የሚያልፍን ነገር ማባረር የውሻ ተፈጥሮ ነው። ስለዚህ ገመዱን አሳጥሩ፣ ጉበቱን አፍንጫቸው ሥር አድርጉ፣ ሯጩ እስኪያልፍ ዓይናቸው እናንተ ላይ ይሁን።

የተጫነ አህያ ከኋላው አትቅረቡ፤ ይራገጣል። በግ ካያችሁ ከሩቁ ዙሩ። ድኩላ ጫካው ውስጥ ብቅ ሊል ይችላል። ገመድ የማይፈታውም ለዚህ ነው። «የኔ ውሻ ይመለሳል» የሚል ሰው ውሻው ድኩላ ሲያይ ይመለስ እንደሆነ አይቶ አያውቅም።

ሰው ሁሉ ውሻ አይወድም። ብዙ ሰው በልጅነቱ ተነክሷል። ሕፃን «ልንካው?» ቢልም ወላጁን ሳልጠይቅ አላስነካም። ወደ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ቅጥር ውሻ ይዛችሁ አትግቡ፤ የንግሥ ቀን ከሆነ መንገዱንም ቀይሩ። ወደ እንጦጦ ፓርክ መግባት ካሰባችሁ በር ላይ ያሉትን ጥበቃዎች አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዓይነ ምድራቸውን አንሱ። ደረጃ 1 ላይ ያልኩት ትል የሚተላለፈው በዚህ ነው።

ደረጃ 7፦ የመንገድ ውሾች ሲመጡ

አትሩጡ። አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ እንደያዛችሁ ወደ ኋላችሁ አድርጓቸውና በእነሱና በመጡት ውሾች መሃል ግቡ። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ድምፃችሁን ወፍራም አድርጉና «ሂድ!» በሉ። ካልሄዱ ድንጋይ እንደምታነሱ ጎንበስ በሉ። የሰፈር ውሻ ይህን ምልክት በደንብ ያውቀዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይሸሻል። መወርወር አያስፈልግም፤ ድንጋይ ስትወረውሩ የራሳችሁም ውሾች ይደነግጣሉ።

ሦስተኛ ውሻ ሲመጣ የራሳችሁ ሁለት ውሾች እርስ በርስ ሊናከሱ እንደሚችሉ እወቁ። ንዴታቸውን የሚወጡበት ሲያጡ ቅርብ ያለውን ይይዛሉ። ስለዚህ ጩኸቱ ሲጀመር በመካከላቸው ርቀት ይኑር፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ።

ደረጃ 8፦ ውሃና እረፍት

በየ20 ደቂቃው ጥላ ሥር ቁሙ። በየሳህናቸው ጥቂት ጥቂት አጠጡ። የኩሬ ውሃ አይጠጡ።

ውሻ እንደ ሰው በላብ አይቀዘቅዝም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው። ምላሱ ከረዘመና ጫፉ ከሰፋ፣ ድዱ ደማቅ ቀይ ከሆነ፣ ምራቁ ከወፈረ፣ ወይም ከተንገዳገደ ጉዞው አበቃ። ጥላ ውስጥ አስተኙት። ሆዱን፣ ብብቱንና መዳፉን ቀዝቃዛ ውሃ አርጥቡ፣ በካርቶን አራግቡለት፣ በቀጥታ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ወደ ታች ስትመለሱ አስፋልቱን በእጃችሁ ጀርባ ንኩ። ለ7 ሴኮንድ ካላስቻላችሁ ለመዳፋቸውም ይፋጃል፤ በሣሩ ዳር ሂዱ።

ደረጃ 9፦ ቤት ስትገቡ

ከመተኛታቸው በፊት ፈትሿቸው። ጆሮ ውስጥ፣ ብብት ሥር፣ በጣቶቻቸው መካከል፣ ጅራት ሥር። መዥገር ካገኛችሁ በወረንጦ ቆዳው ድረስ ዝቅ ብላችሁ ያዙና ሳታዞሩ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። አትለኩሱት፣ ነዳጅም አታድርጉበት፤ ሲጨነቅ የያዘውን በሽታ ወደ ውሻው ይተፋል። ልብስ ላይ የሚለጠፈውን ጭጎጎት ከጣቶቻቸው መሃል ልቀሙ። ሎሚ አንድ ጊዜ ከተራራው በተመለስን ማግስት ስታነክስ ዋለች። መዳፏን ገልብጬ ሳይ ከባሕር ዛፍ ልጥ የተሰነጠቀ ቀጭን እንጨት፣ የመርፌ ያህል፣ በሁለት ጣቶቿ መካከል ገብቷል። ማታውኑ ብፈትሽ ኖሮ አያብጥም ነበር።

ምግባቸውን ለየብቻ ስጡ፤ በመካከላቸው በር ወይም ግድግዳ ይኑር። የደከመ ውሻ ትዕግሥቱ አጭር ነው። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ማስጠንቀቂያ

*ከተናከሱ።* እጃችሁን በመሃል አታስገቡ፤ የአንገት ቀበቶም አትያዙ። ሁለት ሰው ካላችሁ እያንዳንዳችሁ የአንዱን የኋላ እግሮች ያዙና እንደ ጋሪ ወደ ኋላ ሳቡ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ውሃ ፊታቸው ላይ ድፉ። ሲላቀቁ አንዱን ዛፍ ላይ እሰሩ፤ ሌላውን አርቁ።

*ሰው ከተነከሰ።* ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ቁስሉ ጭረት ብቻ ቢሆንም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ የሚያድነው ቀድሞ የሚሰጥ ክትባት ነው። ጠበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚፈልግ ሰው ክትባቱን አያቆይ። ውሻችሁ በማይታወቅ ውሻ ከተነከሰም የተከተበ ቢሆን እንኳ ሐኪም ይየው።

*ባሌ፣ ሰሜን ተራሮች፣ መንዝ ጓሳ።* እነዚህ ቦታዎች የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ናቸው፤ ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ የቀረውም በጥቂት መቶዎች የሚቆጠር ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ እሱ ይተላለፋል። በፈረንጆቹ 2003 ባሌ ውስጥ ዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሞቱት በዚህ በሽታ ነው። የእናንተ ውሻ ጤነኛ ቢመስልም ሌላ በሽታ ተሸክሞ ሊሄድ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ወጥ የነካው እንጀራ መስጠት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳሉ፤ ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። የዶሮ ወጥ አጥንት የባሰ ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እንደ መርፌ ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። የፋሲካ ማግስት ቆሻሻችሁን በደንብ ክደኑ።

ለቁንጫና ለመዥገር ነጭ ጋዝ መቀባት፣ ወይም ለከብት የሚረጭ መድኃኒት በግምት በጥብጦ ማፍሰስ። ውሻ ይልሰዋል፤ ይመረዛል። ለውሻ የሚሆነውን መድኃኒትና መጠኑን ሐኪም ይንገራችሁ።

ሁለቱን በአንድ ገመድ ማሰር። አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይጥላል፤ ጠብ ከተነሳም መለየት አይቻልም።

አንዱን ብቻ ማስለመድና «ሁለተኛዋ ከእሱ ትማራለች» ማለት። የምትማረው መጎተቱን ነው። አሁንም ቢሆን በሳምንት አንድ ቀን እያንዳንዳቸውን ለብቻ አወጣለሁ።

በክረምት መውጣት። ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃው ያንሸራትታል፣ ጉሙ አሥር ሜትር አያሳይም። ያን ሰሞን ሰፈር ውስጥ ተለማመዱ፤ ከጥቅምት በኋላ ውጡ።

ሲያነክስ የሰው ማስታገሻ መስጠት። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና ፓራሲታሞል ውሻን ሊገድሉ ይችላሉ። አሳርፉት። በማግስቱ እግሩን መርገጥ ካልጀመረ፣ ወይም ምግብ ካልቀመሰ፣ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ ሌላውን ቤት ተዉት።